ከአስታ ሥር ባሻገር

ለትምባሆ ፒፓ የተመረጠው እንጨት በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚቆፈረው የአስታ ሥር እባጭ ነው፤ ይኸው አስታ በእኛም ደጋ ይበቅላል። እሳት በመቻሉ መመስገኑ ተገቢ ነው። የጠራቢው ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ግን በሌሎቹ እንጨቶች ላይ ይመስለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአስታው ሥር ከአውሮፓ መምጣቱ ሲቋረጥ፣ አሜሪካውያን ከአፓላቺያ ተራሮች የላውረል ሥር ቆፍረው ጠረቡ። ወይራም፣ ቼሪም፣ በፈረንሳይ ረግረግ ለሺህ ዓመታት ተቀብሮ የጠቆረ የኦክ ግንድም ፒፓ ሆነዋል። እነዚህ ቶሎ ይቃጠላሉ ለሚል መልሱ ከእጅ ሥራው ይገኛል፤ ጠራቢው እንጨቱን በዝግታ ያደርቃል፣ የጎድጓዳውን ግድግዳ ያወፍራል፣ የጭሱን ቀዳዳ ልክ ከወለሉ ጋር ያገጥማል። ትምባሆ ጤና ይጎዳል ቢባል እውነት ነው፤ ምስጋናዬ ለጭሱ ሳይሆን የእንጨቱን ጠባይ ለሚያውቀው እጅ ነው።