እግር የሚለካው በደረሰበት ነው

በቀዶ ሕክምና ቁመታቸውን ያስረዘሙ ሰዎች የሚታዩባቸውን ሁለት ፊልሞች ሰሞኑን አከታትዬ አየሁ። አንደኛው የአንድሩ ኒኮል «ጋታካ» ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሁለተኛው የሴሊን ሶንግ «ማቴሪያሊስትስ» ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2025 የታየ ነው። በመካከላቸው ሃያ ስምንት ዓመት ቢኖርም ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል፤ ይኸውም ሰውየው እግሩ ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ እንደገና ቆሞ እስከሄደበት ቀን ያለውን ጊዜ ነው። የዛሬው ሒሴ በዚህ በተዘለለው ጊዜ ላይ ነው።

አንባቢ እንዲከተለኝ የሕክምናውን ነገር ባጭሩ ላስረዳ። ዘዴውን ለዓለም ያበረከተው በሳይቤሪያ፣ በኩርጋን ከተማ ይሠራ የነበረው ሶቪየታዊው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ነው። አጥንቱ ይቆረጥና ሥጋን አልፈው በሚገቡ ሽቦዎችና ከውጭ በሚከቡት የብረት ቀለበቶች ይያዛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተቆረጠው ቦታ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ያውም በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ እየተከፈለ፣ እንዲለያይ ይደረጋል። በክፍተቱም አዲስ አጥንት ይበቅላል። ዛሬ በአጥንት ውስጥ ገብቶ ከውጭ በማግኔት የሚረዝም ዘንግም አለ። መሣሪያው ቢሻሻልም ታዲያ አጥንት አይቸኩልም። ጡንቻ፣ ጅማትና ነርቭም እኩል እየተከተሉ አይረዝሙም። የባት ጡንቻ ሲወጠር ተረከዝ መሬት መንካት ይሳነዋል፤ ጉልበትም አልታጠፍ፣ አልዘረጋ ይላል። ስለዚህ በየቀኑ እያመመም ቢሆን ማሳሳብና ማፍታታት ግድ ነው። ማስረዘሙ ካበቃ በኋላ ደግሞ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር የሚወስደው ጊዜ ከማስረዘሙ የበለጠ ነው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንመለስ። በ«ጋታካ» ውስጥ ቪንሰንት የተባለው ወጣት ጠፈር ለመሄድ ይመኛል፤ ነገር ግን የተወለደበት ዓለም ሰውን በደሙ ይመዝናል፤ የእርሱም ደም ጉድለት አለበት ተብሏል። ስለዚህ የሌላ ሰው ማንነት ይገዛል። ማንነቱን የሸጠው ጀሮም በቁመት ስለሚበልጠው ቪንሰንት ሁለት ኢንች፣ ማለትም አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቅልጥሙን ያስረዝማል። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ብለን ብናሰላው ማሳሳቡ ብቻ ሃምሳ ቀን ነው። ፊልሙ ግን ቪንሰንትን በብረቱ ታስሮ ተኝቶ ለጥቂት ጊዜ ያሳየንና ወዲያው ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀጥ ብሎ ሲራመድ እናገኘዋለን።

የሚያስገርመው ይኸው ፊልም እንቅስቃሴን ማሳየት አለማቃቱ አይደለም፤ ያውቅበታል። ጀሮም ወገቡ በድን የሆነ ሰው ነው፤ ከተሽከርካሪ ወንበሩ አይወርድም። መርማሪው ወደ ቤቱ እየመጣ መሆኑ ሲነገረው ግን ጠመዝማዛውን ደረጃ በክንዱ ብቻ እየተሳበ ይወጣዋል። ካሜራው አይቸኩልም፤ እያንዳንዱን እርከን ከእርሱ ጋር ያስቆጥረናል። በእኔ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት ይህ ነው። ለጀሮም የተሰጠው ትዕግሥት ለቪንሰንት የተነፈገው ለምን ይሆን? መልሱ የሚመስለኝ ፊልሙ ቪንሰንትን የፈቃድ ኃይል ምሳሌ ሊያደርገው መፈለጉ ነው። ምሳሌ የሆነ ሰው ደግሞ ሲያነክስ፣ ሲያለቅስ፣ ሌላ ሰው ደግፎት ሽንት ቤት ሲሄድ አይታይም።

«ማቴሪያሊስትስ» የባሰ ይዘላል። ታሪኩ በኒውዮርክ ስለምትሠራ አንዲት የትዳር አገናኝ ነው። ባለጠጋው ሃሪ ስድስት ኢንች፣ ማለትም አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመት መጨመሩን ይነግራታል፤ ጉልበቱንም አጥፎ ጥንት ምን ያህል እንደነበረ ያሳያታል። ትዕይንቱ ደግ ነው፤ አይሳለቅበትም፤ በሳቅና በሐዘኔታ መካከል ያቆመናል። ነገር ግን አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር በአንድ አጥንት ብቻ ይቻል እንደሆነ እንኳ ማሳሳቡ መቶ ሃምሳ ቀን ነበር፤ በልምዱም ይህን የሚያህል ርዝመት ጭንንና ቅልጥምን ለየብቻ መቁረጥ ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉ ወራት ለተመልካች የተረፈው ጠባሳ ብቻ ነው። ፊልሙ ሰውን እንደ ሸቀጥ የሚተምነውን የጋብቻ ገበያ ይነቅፋል፤ የሃሪን ሕመም ሲያልፈው ግን ራሱ እንደ ገበያው ሆነ፤ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ሳይጠይቅ ውጤቱን ብቻ አየ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2006 ለቁንጅና ሲባል የሚደረገውን ማስረዘም የከለከለችው ባልተሳካ ሕክምና ከተጎዱ ሰዎች በኋላ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ይህን ዝምታ በቀላሉ አያልፈውም።

እኔ ጋይንት ተወልጄ ያደግሁ ነኝና እግርን የማይበት ዓይን ከዚያ የመጣ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና በአንድ ወገን፣ የአባይና የበሽሎ ገደል በሌላ ወገን ይዘውት፣ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች የሠሩት አውራ መንገድ በነፋስ መውጫ ያልፋል፤ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ግን ዛሬም ተሽከርካሪው እግሩ ነው።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ የገብስ ጆንያ እንደተሸከመ ከቁልቁለት ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ አሸው፤ በቀርከሃም አሰረለት። የመጣ ጠያቂ ሁሉ «እግርዎ እንዴት ዋለ?» ይለው ነበር። አጎቴ መልሱን በቀን ቆጥሮ አይሰጥም፤ «እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ እስከ ደጃፍ» ይላል። ከሳምንታት በኋላ «እስከ አጥሩ» ሆነ፤ ከዚያ «እስከ ምንጩ»፤ ከዚያም ምርኩዙን ይዞ «እስከ ቤተ ክርስቲያን»። ገበያ የደረሰ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ እንደዳነ ቆጠረው፤ ማነከሱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። የእኛ ሰው የእግርን ጤና በርዝመቱ አይለካውም፤ በደረሰበት ቦታ ይለካዋል። ቋንቋውም ይመሰክራል፤ ዳዴ፣ ድክ ድክ፣ ማዝገም፣ ማነከስ፣ እያለ በመተኛትና በመሮጥ መካከል ላለው እርከን ሁሉ ስም አውጥቷል።

ይህን ስል የወጌሻን ሥራ ያለ ነቀፋ ማወደሴ አይደለም። ከልክ በላይ የጠበቀ እስር ደም አግዶ እግርን እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአጥንት ሐኪሞቻችን ደጋግመው ጽፈዋል። ያው የኢሊዛሮቭ ቀለበት በእኛ አገር በብዛት የሚታሰረውም ቁመት ላማረው ሳይሆን በመኪና ወይም በጥይት አጥንቱ ለደቀቀ ሰው ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ብረት በእግሩ አስሮ ወደ ዳገት አገር የሚመለስ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለዚያ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሽቦው ቀዳዳ በየዕለቱ በንጹሕ ውኃ ይጸዳል፤ ውኃው ከምንጭ ይቀዳል፤ ምንጩ ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች ነው። ቀዶ ሕክምናው የሰዓታት ሥራ ነው፤ የቀረው ሁሉ የቤተሰብና የጎረቤት ሥራ ነው።

ጥፋቱ የውጭ ፊልም ሠሪዎች ብቻ እንዳይመስለን። እኛም አበበ ቢቂላን ስንተርክ የ1960ውን ሮምና የ1964ቱን ቶኪዮ (እ.ኤ.አ.) አድምቀን እ.ኤ.አ. በ1969 የመኪና አደጋው ላይ ስንደርስ እናዝንና ታሪኩን እንዘጋለን። ከአደጋው በኋላ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ በ1970 በዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ስንቶቻችን እናወሳለን? ከድሉ ይልቅ ይህኛው ምዕራፍ ለአልጋ ቁራኛ ብርታት ይሆነው ነበር።

በቁመቱ ምክንያት የሚሸማቀቅ ወጣት ዛሬ አዲስ አበባም ሞልቷል፤ ሕመሙም ቧልት አይደለም። «ቁመት ምን ይሠራል» ብለን ብንገሥጸው አይሰማንም። ከስብከት ይልቅ የሚጠቅመው ሙሉው ታሪክ ነው፤ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እስኪሄድ ያለው ጊዜ ሁሉ ያለበት ታሪክ። ያን ፊልም እስካሁን አላየሁትም። የሚሠራው ሰው ከተገኘ ግን ካሜራውን ከሰውየው ጋር ከአልጋው እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉም እስከ አጥሩ ይዞ እንዲሄድ እመክረዋለሁ።