ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር

ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ጠባብ ክፍል፣ አንዲት እናት በጀርባቸው ተኝተዋል። ፊታቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ከቀዳዳው የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ነርሱ ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ መርፌው ትንሽ ያቃጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ሲጎተት ይሰማዎታል እንጂ አያምዎትም» አላቸው።

በልጅነት እየተመላለሰ የያዛቸው ትራኮማ በዓይን ቆባቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ጥሏል። ጠባሳው ሲኮማተር ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን እንደሚያርገበግብ ያሰበ የስቃዩን መጠን ይገምተዋል። ለዓመታት ወረንጦ ከአንገታቸው ክር ተለይቶ አያውቅም ነበር። የተነቀለው ፀጉር ግን ከሳምንታት በኋላ አጭርና ሻካራ ሆኖ ይመለሳል።

ለውበት ሲባል የሚደረገው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ቆዳ ይቀንሳል። እዚህ ተቆርጦ የሚጣል ነገር የለም። ነርሱ ቆቡን በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ገለበጠና ምላጩን ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ያህል አርቆ፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ወሰደው። ወደ ጠርዙ ቢጠጋ የሽፋሽፍቱን ሥር ይጎዳል፤ ጥግ ሳይደርስ ቢቆም ፀጉሩ በዚያው ጥግ ይመለሳል። የውጭው ቆዳ አልተሰነጠቀም። እጁ ሲሄድ አላመነታም፤ ሲደርስም አላለፈም።

ትንፋሼን ያስያዘኝ ግን ስፌቱ ነው። መርፌው ከውስጥ ገብቶ ከሽፋሽፍቱ በላይ ባለው ቆዳ ይወጣል፤ ክሩ ሲታሰር የተሰነጠቀው ጠርዝ ወደ ውጭ ይዞራል። ክር ሲጠብቅ ጨርቅ እንደሚጨማደድ ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ እዚህ ጨርቁ የሰው ዓይን ነው። ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ከጠበቀ ቆቡ ተገልብጦ ይቀራል። ሲድን ትንሽ ስለሚመለስ፣ ባለሙያው ለዚያ የሚሆን ትርፍ አስቦ ነው የሚያስረው። መሀለኛው ቋጠሮ ሲጠብቅ ጠርዙ እንደ ጣሪያ ሾጠጥ አለ። ነርሱ አየው፤ ፈታው፤ እንደገና አሰረው። ጠርዙ ቀስ ብሎ ወደ ቅስቱ ተመለሰ። ማንም አላዘዘውም፤ ሥራው እንደዚያው ቢቀርም ፀጉሩ ብሌኑን አይነካም ነበር። እኔ የእጅ ጥበብ የምለው ይህንን ነው።

ዘዴውም ተፈትኗል። በአማራ ክልል በ1,000 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ይህን ከውስጥ የሚሰነጥቅ ቀዶ ሕክምና ቆቡን ከነቆዳው ከሚቆርጠው ጋር አነጻጽሮ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉር የተመለሰባቸው በዚህኛው 13 ከመቶ፣ በዚያኛው 22 ከመቶ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ወደ ሕክምናው የሚሄድ ሰው ፀጉሩ ሊመለስ እንደሚችል ቀድሞ ይወቅ። ማደንዘዣው የሚይዘው ቆቡን ብቻ ስለሆነ ታካሚው ነቅቶ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ዓይኑ እስከ ማግስቱ ይታሸጋል፤ ለቀናት ያብጣል፣ ይጠቁራል፤ የሐር ክር ከሆነ ከሳምንት በኋላ ገደማ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ሽፋሽፍቱ ከልክ በላይ ወደ ውጭ የዞረ ቢመስል አያስደንግጥ። በብሌኑ ላይ የቆየ ጠባሳ ያጠፋውን ብርሃን ግን ይህ ሥራ አይመልስም።

በማግስቱ ነርሱ ፋሻውን በጨው ውሃ አርሶ፣ ሳይጎትት ላጠው። የእጅ ባትሪ አብርቶ የሽፋሽፍቱን ረድፍ ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኑ ለቀመ። «እስቲ ይጨፍኑ፣ እማማ።» ጨፈኑ። «ይግለጡ።» ገለጡ። ሌላ ሳይባሉ ደግመው ጨፈኑ፣ ደግመው ገለጡ፤ ምንም እንደማይወጋቸው እየሞከሩ፣ ዝም ብለው።