ስንደዶና የማዳበሪያ ክር

ሙዳይ ሳገኝ መጀመሪያ ገልብጬ ነው የማየው። ክዳኑና ጎኑ ለእንግዳ ዓይን የተሰፉ ናቸው፤ የባለሙያዋ እጅ የሚለየው ከታች፣ የመጀመሪያው ዙር በተነሣበት እምብርት ላይ ነው። እዚያ ጥቂት የሣር ዘለላ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይታሰራል። ጥምዝዙ ቀዳዳ ከተወ ወይም ክብነቱ ትንሽ ካዘነበለ፣ ስፌቱ በሰፋ ቁጥር ጥመቱም ይሰፋል። ኋላ በቀለም የሚሸፈን አይደለም።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች፣ እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ፣ ስፌት የሴቶች ሙያ ነው። ሰፌዱም፣ አገልግሉም፣ መሶቡም ከዚያው እጅ ይወጣል። ስንደዶና አክርማ ግን ደጋውን የሚወዱ ሣሮች ናቸው፤ ማሽላ የሚዘራበት የሀብሩ ቆላ እንደ ልብ አይሰጣቸውም። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ይለቀማሉ። የተሰነጠቀው ስንደዶ በፈላ ውኃና በዱቄት ቀለም ተነክሮ፣ እንዳይገረጣ ጥላ ውስጥ ሲደርቅ አለላ ይሆናል።

አሠራሩ ለወሬ ቀላል ነው፦ የሣር እስር በክብ ይዞራል፣ ወስፌው ከበታቹ ያለውን ዙር ይበሳል፣ አለላው በቀዳዳው አልፎ እስሩን ይጠመጥመዋል። ከባዱ ቁጥሩ ነው። ክቡ በየዙሩ ስለሚሰፋ፣ ከታች አሥር ጥምጥም የበቃው ቀይ መስክ ከላይ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ይጠይቃል። ያቺን ተጨማሪ ጥምጥም የት እንደምታስገባ ያወቀች ሴት፣ ጥለቷ ከእምብርት እስከ አፍ ሳይሰበር ይወጣላታል። ወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም፤ ሁሉም በልብ ይቆጠራል። ቀለም ሲለወጥ ደግሞ ተራውን የጨረሰው አለላ በእስሩ ውስጥ ተደብቆ ይጓዝና ሲፈለግ ብቅ ይላል። በመልካም ሙዳይ ውስጡን በጣት ቢዳብሱት የሚወጋ ጫፍ አይገኝም። ከስፌት ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን የተሰወረ ሥራ ነው።

አሁን አሁን ከአለላው ጎን ሌላም ገብቷል፦ ከተተረተረ ሹራብ የወጣ ክር፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ነጭ ላስቲክ፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ፌስታል፣ የሚያብለጨልጭ የከረሜላ ወረቀት። ይህን የሙያው መዋረድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ስንደዶ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ላስቲክ ውኃ አይጠጣም፤ ያዳልጣል፣ እጅ ሲለቀውም ይላላል። እያንዳንዱን ጥምጥም በአውራ ጣት ተጭኖ፣ ቀጣዩ እስኪቆልፈው አለመልቀቅን ይጠይቃል። ስለዚህ የማዳበሪያ ክር ከአለላ ጋር እኩል ጠብቆ፣ እኩል ተኝቶ ሳይ፣ ያች ሴት ከእናቷ ያልተናነሰ፣ ምናልባትም የበለጠ ደክማለች እላለሁ። በደቡብ አፍሪካም ዙሉዎች የተጣለ ባለቀለም የስልክ ሽቦ ጠምዝዘው መሥራት የጀመሯቸው ሳህኖች ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ፤ የተከበሩት ሽቦው ውድ ስለሆነ አይደለም።

ይህ ማለት ሁሉም በሁሉም ቦታ ያምራል ማለት አይደለም። የሹራብ ክር ደማቅ ነው፤ ነገር ግን ጠጉሩ ጥምጥሙን ይሸፍናል፣ ጥሩውና መጥፎው እጅ አይለይም፣ አቧራም ይይዛል። ለግድግዳ ጌጥ ይሁን። እንጀራ የሚያርፍበት መሶብ ውስጡ ሣር ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ ሣር እንፋሎቱን ይቀበለዋል፣ ላስቲክ ግን እንጀራውን ያልበዋል። የማዳበሪያው ነጭ ከቀይና ከጥቁር አለላ መሐል ሲገባ ጥለቱን ያጠራዋል፣ እንደ ሣሩ ነጭም ቶሎ አይወይብም። የከረሜላ ወረቀት ደግሞ ሲበዛ ዓይን ያደክማል፤ ለአንድ ሙዳይ ክዳኑ ጫፍ ላይ አንድ ዙር ይበቃዋል።