አንድ ቃል ሳይተነፍስ

ሁለት እጆች ጭቃ ያነሣሉ። ድብልብሉን ጭቃ ማገሩ ላይ ለጠፍ ያደርጉና በመዳፍ ይጫኑታል፤ ጭቃው በእንጨቶቹ መካከል ሾልኮ ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። ቤት ሲመረግ ቆሞ ያየ ሰው ይህችን ቅጽበት ያውቃታል። ጭቃው ማገሩን አልፎ ከወዲያ ካልተቆለመመ፣ የደረቀ ለት ከግድግዳው ተላቆ ይወርዳል። ቪዲዮው ይህን በቃል አይነግራችሁም። ጥቂት ሰከንድ ያሳያችሁና ወደሚቀጥለው እፍኝ ያልፋል።

የእጆቹ ባለቤት ጆን ፕላንት ይባላል፤ አውስትራሊያዊ ነው። በሰሜናዊ ኩዊንስላንድ ጫካ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቁምጣ ታጥቆ፣ በባዶ እግሩ፣ ድንጋይን በድንጋይ ጠርቦ ባበጀው መጥረቢያ እንጨት ይቆርጣል። እንጨትን በእንጨት ፈትጎ እሳት ያወጣል፤ በዚያ እሳት ጭቃውን አቃጥሎ ሸክላ ያደርጋል፤ ቤት ይሠራል። ፕሪሚቲቭ ቴክኖሎጂ ብሎ የሰየመውን የዩቲዩብ ቻናል የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አለው። በቪዲዮዎቹ ውስጥ አፉን ከፍቶ አይናገርም፤ ሙዚቃ አያስገባም፤ «ሰብስክራይብ አድርጉኝ» ብሎ አይለምንም። ሲጀምር ስሙን እንኳ አልገለጸም ነበር።

እኔም የምተዳደረው በማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ ነው። የድርጅቶችን ፔጅ እይዛለሁ፣ ቪዲዮ አሠራለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንት ሰው አየ፣ ስንት ሰው የት ላይ ጥሎን ሄደ የሚለውን አያለሁ። ተመልካች ጥሎ የሚሄድበትን ቦታ የሚያሳይ አንድ መስመር አለ፤ እንደ ቁልቁለት መንገድ ወደ ታች የሚወርድ። የሙያዬ ሰው ሁሉ ያንን መስመር ቀና ለማድረግ ይታገላል፤ ጮክ ያለ ሙዚቃ፣ ትልልቅ ፊደል፣ «እስከ መጨረሻው ጠብቁ» የሚል ማስፈራሪያ መሰል ልመና። ይህ ሰው ከነዚህ አንዱንም ሳይነካ ሕዝብ ሰበሰበ። ስለዚህ ቪዲዮዎቹን እንደ መዝናኛ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ እንደ ባለሙያ ሥራ፣ አንድ በአንድ እየቆረጥኩ አያቸዋለሁ።

በመጀመሪያ አጀማመሩን ተመልከቱ። ሰላምታ የለም፤ የቻናሉ ምልክት እየተሽከረከረ አይመጣም። ቪዲዮው ሲከፈት ሥራው ተጀምሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዳቦ ቤት ቪዲዮ ሠርቼ ነበር። 40 ሰከንድ ያህል የመግቢያ ሙዚቃ፣ የድርጅቱ ስም፣ የባለቤቱ ንግግር አስገባሁና ዳቦው መጨረሻ ላይ መጣ። ዳቦው ጋ የደረሰው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ብሠራው ከሊጡ እጀምራለሁ፤ ሌሊት ላይ ሊጡን ከሚያገላብጠው ሰው ክንድ፣ በዱቄት ከነጣው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት ባለ ሸክላ ጣሪያዋን ጎጆ የሠራበትን ነው። ወለሏ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ለጣሪያዋ 450 ያህል የሸክላ ክዳን ሠራ፤ እቶኑ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ግን 20 ያህል ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ያንኑ ሥራ ከሃያ ጊዜ በላይ ደጋግሟል ማለት ነው። ለቪዲዮ ሰው ከዚህ የከበደ ፈተና የለም። ድግግሞሹን በሙሉ ካሳየኸው ሰዉ ይተኛል፤ ከቆረጥከው ደግሞ ድካሙ ይጠፋና ቤቱ በተአምር የበቀለ ይመስላል።

እሱ ያደረገው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋን ክዳን ከጭቃው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያሳየናል። ጭቃው እንዳይጣበቅ አመድ ይነሰነሳል፤ ጭቃው በቀጭን የተክል ልጥ በተበጀች አራት ማዕዘን ቅርጽ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ይላሳል፤ ቅርጹ ይነሣል። እዚህ ላይ አይቸኩልም። ዓይናችን ሥራውን ከተማረ በኋላ ግን ረድፉን ብቻ ያሳየናል፤ መሬት ላይ የተሰጡ ክዳኖች፣ ቀጥሎ ብዙ ክዳኖች፣ ቀጥሎ እቶን፣ ጭስ፣ ቀይ ፍም። የቀረውን ድካም እኛ ራሳችን እንሞላዋለን፤ አንዷ ክዳን ምን ያህል እንዳደከመችው አይተናላ! ጣሪያው ላይ ሲደረድራቸው እያንዳንዷን በዓይናችን እንቆጥራለን። ይህ የኤዲቲንግ ብልሃት ነው ብዬ ብተወው ያንስበታል። ተመልካቹ ማስተዋል ይችላል ብሎ የሚያምን ሰው ሥራ ነው።

እኛ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች «ተከታይ» የሚለውን ቃል ቀኑን ሙሉ እንጠራለን። «ተመልካች» የሚለውን እንደ ዘበት ነው የምንናገረው። ቃሉን ግን ቀስ ብላችሁ ስሙት፤ መመልከት ከማየት ይጠልቃል፤ የሚመለከት ሰው እየመረመረ ነው። ፕላንት የሚሠራው ለዚህ ሰው ነው፤ ተከታዩ በኋላ የመጣ ነው።

ድምፁን ደግሞ አስተውሉ። ሙዚቃው ሲወጣ ቦታው ለሌላ ነገር ተለቀቀ። ድንጋይ እንጨትን ሲመታ ያለው ደረቅ ድምፅ፣ ውኃ ከሸክላ ሲንዶቆዶቅ፣ እርጥብ ጭቃ ሲላቆጥ፣ ወፍ፣ የነፍሳት ጩኸት። የመጥረቢያው ድምፅ እንጨቱ ሊቆረጥ ሲቃረብ ይለወጣል፤ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለውጥ በጆሮው ያውቀዋል፤ ከተማ ያደገው ደግሞ እዚያው ይማረዋል። አንድ ዘፈን ከላይ ቢጫንበት ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀበር ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ብርሃን ሄጄ ለእናቴ የመጀመሪያዋን ጎጆ ቪዲዮ ከፈትኩላት። ይህችኛዋ እንደኛ አገር ጭቃ ቤት በማገር ቆማ በጭቃ የተመረገች ናት። እናቴ ስልክ አትወድም፤ ቪዲዮ ሳሳያት ግማሹ ላይ «እሺ፣ እሺ» ብላ ትመልስልኛለች። ይህን ግን መነጽሯን አስመጥታ ያዘችው።

«የማን ልጅ ነው ይሄ?» አለች።

«የውጭ አገር ሰው ነው እማዬ፤ አውስትራሊያዊ።»

«እንዴ! ታዲያ ማገር ማን አስተማረው?» ጥቂት ዝም ብላ አየችና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ጭድ አላየሁበትም። ጭድ ካልገባበት እኮ ይሰነጠቅበታል።» እሳት ሲያነድ ስታይ ደግሞ ፊቷ ፈታ አለ። «እሱስ ደግ አደረገ።»

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከዚያ ሰው ጋር በዕድሜም በአገርም በሃይማኖትም አትገናኝም። ግን ሥራውን ነቀፈችው፣ አረመችው፣ አመሰገነችው። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ቪዲዮው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ብቻ ይሆን ነበር። ዝም በማለቱ ጭቃ የነካ ሰው ሁሉ ባለቤት ሆነበት። በየአገሩ ቋንቋ አስተርጓሚ ቀጥሮ ይህን ያህል ሰው መድረስ ስንት እንደሚያስወጣ እኔ ስለማውቀው ነው መደነቄ።

ማብራሪያ ለሚፈልገው ደግሞ አልነፈገውም። የግርጌ ጽሑፉን የከፈተ ሰው እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተሠራ ያነባል፤ ከቪዲዮው ሥር ያለው መግለጫም መለኪያውን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የፈጀውን ጊዜ ይዘረዝራል። አንዱ ሥራ ሁለት ፎቅ አለው፤ ታች ያለው ለዓይን፣ ላይ ያለው ለጠያቂ። ማንም ሳይገደድ የፈቀደው ይወጣል።

በዚያ መግለጫ ውስጥ የሚጽፈው ነገር ደግሞ ልቤን ነክቶታል። ለመጀመሪያዋ ጎጆ ያለበሳት ሰፋፊ ቅጠል አራት ወር ያህል አገልግሎ መበስበስ እንደጀመረና በዛፍ ልጥ እንደተካው ጽፏል። ጎጆዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 9 ወር እንደፈጀች፣ ሥራው ግን በድምሩ 30 ቀን ብቻ እንደሆነ፣ በመካከሉ ትቷት እንደቆየ ጽፏል። ባለ ሸክላ ጣሪያዋ 102 ቀን ወሰደች፤ ያለወቅቱ የጣለው ዝናብ ባያጓትተው ኖሮ በ66 ቀን ያልቅ ነበር ይላል። ወለሏን ከሥር በእሳት የሚያሞቅበትን ዘዴ ኮሪያውያን ኦንዶል ከሚሉት እንደወሰደ ያስረዳል። ጫካ ውስጥ እንደማይኖር፣ ይህን የሚሠራው ለፍቅሩ እንደሆነም በግልጽ ያስቀምጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደብቆ «ከዓለም የሸሸው ሰው» ብሎ ራሱን ቢሸጥ ገዢ አያጣም ነበር። እሱ የበሰበሰውን ቅጠል አሳየን። ከዚያ በኋላ የሚለውን ሁሉ ለማመን ምን ያስቸግረናል?

ሌላው ያስደነቀኝ አንዱን ሥራ ከሌላው ጋር ያያዘበት መንገድ ነው። ባለፈው የሠራው የድንጋይ መጥረቢያ ለሚቀጥለው ቤት እንጨት ይቆርጣል፤ ያኔ ያቃጠለው ማሰሮ አሁን ውኃ ያመላልሳል። ከመጀመሪያው የተከታተለ ሰው ማሰሮዋን ሲያያት እንደ ቆየ ዘመድ ያውቃታል። በኋላም በእጁ የሠራውን ማራገቢያ እያሽከረከረ፣ ባክቴሪያ በወንዝ ዳር ከሚፈጥረው ብርቱካንማ ዝቃጭ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ የብረት ቅንጣቶች አወጣ። ቅንጣቶቹን በፍርፋሪው መካከል ሲለቅም ያየሁ ለት እውነቴን ነው፣ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። ለማያውቀው ሰው እዚህ ግባ የማይባል ፍርፋሪ ነው፤ ከድንጋይ መጥረቢያው ጀምሮ አብሮት ለመጣ ሰው ግን ከድንጋይ ወደ ብረት የተደረሰበት ቀን ነው። ዓመታት ቆይቶ ከዚሁ ዓይነት ብረት ትንሽ ቢላ ሠራ። በየቀኑ ካልለጠፍክ ትረሳለህ የሚለውን የሙያችንን ፍርሃት ይህ ሰው አያውቀውም፤ ሥራው ሲያልቅ ይለጥፋል፣ ሰዉም ይጠብቀዋል።

አስመሳዮች መጡ፤ መምጣታቸው አይቀርም። በባዶ እጅ ቆፈርነው የሚሉት የመሬት ውስጥ መዋኛ ገንዳ፣ በቀርከሃ ያጌጠ ቪላ ዩቲዩብን ሞላው። አንዳንዶቹ ከካሜራው ጀርባ ኤክስካቫተር እንደሚያሠሩ በኋላ ተጋልጧል። ሲታዩ ግርም ይላሉ፤ አንድ ሰው ግን ከእነሱ አይቶ አንዲት ግድግዳ መሥራት አይችልም። የፕላንትን ቪዲዮ አይቶ ግን ይሠራል፤ እናቴ እንዳለችው ጭድ ከጨመረበት ደግሞ የተሻለ ይሠራል።

ስለ ገንዘቡም ልበል። ቀድሞ የሰው ግቢ ሣር እያጨደ ይተዳደር ነበር። በኋላ የዩቲዩብ ማስታወቂያና በፓትሪዮን የሚደግፉት ሰዎች እንጀራው ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ እነዚህኑ ሥራዎች የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን የገዛው ሰው ቀድሞ በነፃ ሲማር የቆየ ሰው ነው። ሌሎቻችን ሽያጩን እናስቀድማለን፤ እሱ ለዓመታት ሰጠና በመጨረሻ አንድ ነገር ሸጠ።

ፔጅ የምትይዙ፣ የራሳችሁን ሥራ ለሕዝብ ለማሳየት የምትደክሙ፤ ሸማኔ ሁኑ፣ ምግብ አብሳይ ሁኑ፣ አናጢ ሁኑ፤ ዛሬ ማታ ባለ ሸክላ ጣሪያዋን ጎጆ ቪዲዮ ክፈቱ። 15 ደቂቃ ገደማ ናት። መጀመሪያ ያለ ግርጌ ጽሑፍ፣ በጆሮ ማዳመጫ እዩዋት። ከዚያ ጽሑፉን ከፍታችሁ ድገሟት። ነገ ጠዋት ካሜራችሁን ስታነሡ ፊታችሁን ተዉት፤ እጃችሁ ላይ አነጣጥሩት።