ኳሷ የምትመረምረው መሬት

አርቴፊሻል ሣር ለዓይናችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ረከቦት ሥር የቄጤማን ቦታ ወስዷል፤ ካፌ በረንዳ ላይ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ አንዳንዴም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እናየዋለን። ሥራው በአብዛኛው ቀላል ነው፦ ሊሾ ላይ መዘርጋት፣ ዳር ዳሩን በማስቲሽ ማጣበቅ፣ ሒሳብ መቀበል። ከሥሩ ጎድጎድ ቢል ማን ያውቃል? ጫማ አይናገርም።

የጎልፍ ኳስ ግን ትናገራለች። ስፋቷ ቢያንስ 42.67 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ቢበዛ 45.93 ግራም እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ይህቺን ትንሽ ነገር በቀስታ ገፋ አድርገው ወደ ጉድጓዱ የሚሰዱበት፣ ሣሩ እጅግ ያጠረው ቦታ ‹ግሪን› ይባላል። ኳሷ ግሪኑ ላይ ጉልበቷ እያለቀ ስትሄድ እያንዳንዱ ጉብታ ያዞራታል። አዲስ አበባ ውስጥ ጎልፍ ሲነሳ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ ያለው ክለብና የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ይታወሳሉ። እዚያ የለመደ ሰው ቤቱ ጓሮ ትንሽ መለማመጃ ቢያምረው አይፈረድበትም። ሰፋ ያለ ግቢ ደግሞ ከመሀል ከተማው ይልቅ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይገኛል።

ሦስቱ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ይጠቃለሉ እንጂ የመሬት ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቡራዩ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛታል፤ እዚያ ዋናው ጭንቀት ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ በጎን አሳልፎ መላክ ነው። ወጨጫ ግርጌ ያለችው ሰበታ ሜዳው ላይ ጥቁር አፈር አላት። ሱሉልታ ግን የባሰች ናት። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ አልፎ የተንጣለለው ሜዳዋ ኮትቻ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አጥር ሲያጋድል፣ ሊሾ ሲፈነቀል ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም። መሬቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ቤት አይፈርስም፤ ግሪን ግን ያልቅለታል።

ስለዚህ ሙያው ያለው ሰው የሣሩን ጥቅልል ጥግ አስይዞ ቁፋሮ ይጀምራል። ኮትቻው ሜትሮች ሊወርድ ስለሚችል ሁሉንም አወጣለሁ ብሎ አይደክምም፤ የላይኛውን አንሥቶ የቀረው አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ እንዳይረብሸው ውኃውን ይከላከላል። በዳገቱ በኩል ቦይ ይቀድዳል፤ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀብራል። ጥቁሩ አፈር ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ውኃ አሳላፊ ጨርቅ ያለብሳል። ይህን ጨርቅ ለቁጠባ ሲሉ የሚዘሉት አሉ። መዘዙ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው፤ የላላው ጭቃ በጠጠሩ መሀል ሽቅብ ይወጣና መሠረቱን ይበላዋል።

ከጨርቁ በላይ የተፈጨ ድንጋይ ይገባል፤ በስሱ፣ ድርብ በድርብ፣ ውኃ እየተረጨ፣ በኮምፓክተር እየተረገጠ። ሁሉን አንዴ ደፍቶ ከላይ ቢረግጡት የሚጠነክረው ላዩ ብቻ ነው። በመጨረሻ የድንጋይ ዱቄት ይመጣል፤ እኔ የምወደው የሥራው ክፍል ይሄ ነው። ዱቄቱ ሲጨብጡት የሚይዝ፣ ሲለቁት የማይንጠባጠብ ሆኖ መርጠብ አለበት። ኮብልስቶን ያነጠፈ ሰው እዚህ ጋ እጁ ቶሎ ይገባል፤ ሲባጎው፣ ውኃ ልኩ፣ ሪጋው ያው ናቸው። ልዩነቱ የኮብልስቶን ሠራተኛ የሚፈልገው ቀጥ ያለ ነገር መሆኑ ነው። የግሪን ሠሪ በአንድ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር እየወረደ የሚታጠፍ፣ ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ደግሞ ለጥ ብሎ የሚረጋ መሬት ይሻል። ያንን ሪጋ ብቻውን አይሰጥም። ጠዋት ወይም አመሻሽ፣ ፀሐይ ስታዘነብል፣ በደረቱ ተኝቶ በዱቄቱ ላይ ያያል፤ እኩለ ቀን የማይታየው ጎድጓዳ ያን ጊዜ ጥላ ይጥላል። ከዚያ ባዶው ዱቄት ላይ ኳስ ያንከባልላል። እዚህ ያልተስተካከለውን ሣር አይሸፍነውም።

ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ከ101.6 አያንስም። ማቀፊያው በኮንክሪት ይቆማል፤ ሥሩ እስከ ጠጠሩ ድረስ ውኃ ማውረጃ ይተውለታል። ማውረጃው ከተረሳ በሐምሌ ባለቤቱ ኳሷን ከኩሬ ያወጣል።

ሣሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለጓሮ ጌጥ የሚሸጠው ረጅምና ልል ስለሆነ ኳስ ይውጣል፤ ለግሪን የሚሆነው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያጠረ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥቅልሉ ተፈትቶ ለሰዓታት ፀሐይ ላይ ይተኛል፤ የታጠፈው እንዲፍታታ። የሣሩ ክር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ኳስ ከክሩ ጋር ስትሄድ ትፈጥናለች፣ ስትቃወመው ትዘገያለች። ሁለት ቁራጭ ፊትና ኋላ ተገልብጦ ከተጋጠመማ ዓይንም ይለየዋል፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ብሎ ይታያል።

መጋጠሚያው ላይ ጥቂት እንቆይ። የፋብሪካው ጠርዝ ይጣላል። ካተሩ ከጀርባ በኩል በሁለት የስፌት መስመር መሀል ይሄዳል፤ አንድም ክር ሳይነካ። በሁለቱ ቁራጮች መሀል የሚቀረው ክፍተት በስፌት መስመሮቹ መሀል ያለውን ያህል ነው፤ ቢጠብ ይነሣል፣ ቢሰፋ ሰንበር ይሆናል። ማጣበቂያው ከመጋጠሚያው ሥር በሚነጠፍ ጠባብ ጨርቅ ላይ ይቀባል፤ ክር እንዳይነክስ ቁራጮቹ በጣት እየተለዩ ይወርዳሉ። ደህና ጋቢ ላይ ሁለቱ ፈርጅ የተገናኘበትን ስፌት በዓይን ፈልጎ ማጣት እንዳለ ሁሉ፣ ደህና ግሪን ላይም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ይበተናል፤ በመጥረጊያ እየተፋቀ ክሩ ውስጥ ይገባል። ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ ኳሷንም የሚሸከመው እሱ ነው። (በድርቆሽና በወተት በምትታወቀው ሱሉልታ ሰው ፕላስቲክ ሣር ውስጥ አሸዋ ሲጠርግ የሚያይ ገበሬ ምን ይላል ብዬ አስባለሁ። ላሞቹማ ቀርበው አሽትተው ነው የሚሄዱት።)

የግሪኑን ፍጥነት ለመለካት ዓለም የሚጠቀምበት መሣሪያ በ1935 ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈው ነው፤ ስቲምፕሜትር ይሉታል። ዛሬ ያለው 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይ ያለው አሉሚኒየም ነው፤ አንዱን ጫፍ ቀስ እያሉ ሲያነሡት ኳሷ በራሷ ትለቅቃለች፤ የተንከባለለችበት ርቀት ይለካል፣ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ይደገማል። የመጀመሪያው የስቲምፕሰን መሣሪያ ከእንጨት ነበር። ለጓሮ ሥራም ቦይ የወጣለት ጣውላ አያንስም።

ክፉው ነገር ክፍያው ነው። ደንበኛው የሚጠይቀው ‹‹ካሬው ስንት ነው?›› ብሎ ነው፤ ካሬ የሚለካው ደግሞ የሚታየውን ሣር ነው። ቁፋሮው፣ ጨርቁ፣ የኮምፓክተሩ ኪራይ፣ በደረት ተኝቶ የታየው ጥላ ካሬ ውስጥ አይታዩም። ቀንሶ የሚሠራው ሰው የሚቀንሰው ከዚያው ነው፤ ግሪኑም እስከ ሰኔ ድረስ ከደህናው አይለይም።

ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ከመስቀል በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ኳስ ያንከባልላል። ያለ ምክንያት የታጠፈችበትን ቦታ በጠመኔ ያከብበዋል፤ ቅርብ ካለው ጠርዝ ሣሩን የያዙትን ሚስማሮች ይነቅላል፤ ሣሩን ወደ ኋላ አጥፎ ከሥሩ አንድ እፍኝ ዱቄት ጨምሮ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታዋል። ከዚያ ይመልስና እንደገና ያንከባልላል።