የጥራጥሬ ቅርፊትና ነቀዝ፤ «ጠንካራ ስለ ሆነ» የሚለው መልስ ይበቃልን?

«ይህን ጥራጥሬ ነቀዝ የማይደፍረው ቅርፊቱ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ ነው» የሚለው አስተያየት በትምህርት ክፍልም ሆነ በጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። አስተያየቱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ልዩ ልዩ ጥያቄዎችን በአንድ ቃል ሸፍኖ ስለሚያልፍ ለምርምር እንቅፋት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የነቀዙን ጠባይ እንመልከት። ካሎሶብሩከስ ከሚባለው ወገን የሆኑት ነቀዞች እንቁላላቸውን በፍሬው ቅርፊት ላይ ያጣብቃሉ። ትሉም ወደ ውጭ ሳይወጣ የእንቁላሉን ሥር በስቶ በቀጥታ ወደ ፍሬው ይገባል። የቦሎቄ ነቀዝ የሚባለው አካንቶሴሊደስ ግን እንቁላሉን በፍሬዎቹ መካከል ስለሚበትን ትሉ ተቅበዝብዞ መግቢያ መፈለግ አለበት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የተከማቸውን ቦሎቄ በየጊዜው ማንከባለል የዚህን ነቀዝ ርቢ እጅግ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቅርፊቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ትሉ ለመብሳት የሚያገኘው ጊዜና ድጋፍ ነው። ስለዚህ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ለየትኛው ትልና በምን ሁኔታ እንደ ሆነ ካልተነገረ ትርጉሙ ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቅርፊቱ ኬሚካላዊ ጠባይ ነው። ዳንኤል ጃንዘን በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአንድ ነቀዝ ትሎች ምግባቸው ባልሆኑ ፍሬዎች ላይ እንዴት እንደሚሞቱ ጽፎ ነበር። የጥያቄው አቀራረብ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ትሉ መሞቱን ብቻ ሳይሆን አሟሟቱን ይጠይቃልና። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የብራዚል ተመራማሪዎች ላይማ በሚባለው የቦሎቄ ዘመድ ቅርፊት ውስጥ ትሉን የሚጎዳ ፋዚዮሊን የተባለ ፕሮቲን አገኙ። እንግዲህ ቅርፊት አጥር ብቻ ሳይሆን መርዝም ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በሜክሲኮ የዱር ቦሎቄ የተገኘው አርሴሊን የሚሠራው በቅርፊቱ ሳይሆን በፍሬው ሥጋ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት በሙከራው አሠራር ላይ ይታያል። የተላጠና ያልተላጠ ፍሬ ለነቀዝ ሰጥቶ፥ ከተላጠው ብዙ ነቀዝ ሲወጣ «ጥንካሬው ነው የጠበቀው» ማለት አይቻልም። ቅርፊቱን የላጠ ሰው ውፍረቱን፥ መርዙንና እንቁላል የሚጣበቅበትን ገጽ በአንድ ጊዜ አስወግዷልና። የሚሻለው በቅድሚያ እንቁላሎቹን መቍጠር ነው። ትሉ መብሳት ሲጀምር ዱቄቱ የእንቁላሉን ልባስ ስለሚሞላው እንቁላሉ ይነጣል፤ እነዚህንም ለይቶ መቍጠር ይገባል። በመጨረሻ ፍሬውን ሰንጥቆ ትሉ በቅርፊቱ ወይስ በሥጋው ውስጥ እንደ ሞተ መመልከት ነው። ይህ ብዙ ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም።

ነገሩ ለአገራችን ከቃላት ክርክር በላይ ነው። ሽምብራ በጎተራ ውስጥ በነቀዝ ይጠቃል። ደሲ የሚባለው ዓይነት ቀለም ያለውና ወፍራም ቅርፊት፥ ካቡሊ የሚባለው ግን ስስና ነጣ ያለ ቅርፊት አለው። ዘር መራጩ ውፍረትን ብቻ ከተከተለ ስስ ቅርፊት ያለውን መልካም ዘር ያለ ምርመራ ይጥላል። ገበሬዎቻችን ጥራጥሬን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጣሉ፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የነቀዙን መተላለፊያ ይዘጋል። እነርሱ ቅርፊቱን ሳይነኩ የነቀዙን መንገድ አስበዋል። እኛም በቤተ ሙከራ ልንጀምር የሚገባን ከዚሁ፥ ማለትም ትሉ የት ላይ እንደሚሰናከል ከመጠየቅ ይመስለኛል።