ሁለት ለባዶ፣ ሁለት ለባዶ፦ የሉሲዎቹ የማጣሪያ ጉዞ ሲመዘን

በጥቅምት 2014 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲዎቹ፣ ኡጋንዳ ሄደው 2 ለ 0 ተሸነፉ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉና ድምር ውጤቱን አስተካከሉ፤ በመለያ ምት ግን ተሸንፈው ከአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ወጡ። በየካቲት 2017 ዓ.ም እንደገና ኡጋንዳ ሄደው 2 ለ 0 ተሸነፉ። በመልሱ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ። ይህ ደግሞ ወደ መለያ ምት ሄደና አለፉ።

የመጀመሪያውን ጊዜ አዘንን፣ ወቀስን። ሁለተኛውን ጊዜ ጨፈርን፣ «ቡድኑ ተለውጧል» አልን። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል አሰልጣኝ ተቀይሯል፣ ከተሰላፊዎቹም ብዙዎቹ ተቀይረዋል። ጨዋታው ራሱ ግን ምን ተለወጠ? በ180 ደቂቃ የተገኘው ውጤት እስከ ግብ ቁጥሩ ድረስ አንድ ነው። የተለየው ከነጩ ነጥብ ላይ የተመቱት ኳሶች ናቸው። እነሱ ደግሞ የአንድን ቡድን ወቅታዊ አቋም አይናገሩም፤ የግብ ጠባቂን ዕለታዊ ዕድልና የመቺዎችን ልብ እንጂ።

የሞሮኮውን የ2026 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እንደ አንድ ሥራ ወስጄ ስመዝነው የምነሳው ከዚህ ነው። ከኡጋንዳ ጋር ሁለት፣ ከታንዛኒያ ጋር ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ጨዋታ ነው የተደረገው። በመደበኛው 90 ደቂቃ የተገኘው ድል አንድ ብቻ ነው። ያ አንዱ ድል እጅግ ደምቆ ስለታየ ሌሎቹን ሦስቱን ሸፈነብን። ጥቅምት 2018 ላይ ታንዛኒያ መጥታ ሽፋኑን ስትገልጠው ብዙዎቻችን ድንጋጤ ያዘን፤ ያ ድንጋጤ ግን ስምንት ወር የዘገየ ነው።

ከድሉ ልጀምር፣ ምክንያቱም በጣም የተወደሰው እሱ ነው። አበበ ቢቂላ ስታዲየም ያለባት አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ነች። ካምፓላ የዚህ ግማሽ ያህል ከፍታ ላይ ነች፤ ዳሬሰላም ደግሞ ባሕሩ ዳር ላይ ነች። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣች ተጫዋች አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን አጋማሽ ትሮጥ ይሆናል፤ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ግን ወደ ኋላ ተመልሳ ቦታዋን ለመሸፈን ትንፋሽ ያጥራታል። እኛ እንጅባራ ያለን ሰዎች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም። ከተማችን ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ እንግዳ ሽቅብ ሲወጣ በየመንገዱ ቆም እያለ ደረቱን ሲይዝ አይተናል። ስለዚህ በሜዳችን የተገኘ ውጤት ሲመዘን አየሩ የሰጠውን ድርሻ ቀንሶ ማየት የሃያሲ ግዴታ ነው። ይህን ስል ድሉን ማጣጣሌ አይደለም። ሁለት ግብ ወደ ኋላ ቀርቶ ሁለት ግብ ማስቆጠር፣ ከዚያም ቀዝቃዛ ልብ የሚጠይቀውን መለያ ምት ማሸነፍ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አየር የሚሰጠው ድርሻ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ዳሬሰላም አይሄድም።

ዋናው ችግር የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ደርሶ መልስ በሆነ ማጣሪያ ሉሲዎቹ ከሜዳቸው ውጭ ሲጀምሩ ብዙውን ጊዜ ጨዋታውን ለመለማመድ የገቡ ይመስላሉ። ተከላካዮቹ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። አማካዮቹ ኳሱን ሲቀበሉ ጀርባቸውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥተው ነው፤ አጥቂዋ ደግሞ ለብቻዋ ትቀራለች። በመልሱ ጨዋታ እነዚያው ልጆች ሌላ ቡድን ሆነው ይመጣሉ። ከፍ ብለው ጫና ይፈጥራሉ፣ የመስመር ተጫዋቾቹ በነፃነት ይሮጣሉ፣ የቆመ ኳስ ላይ ይደፍራሉ። ይህን ልዩነት ብዙ ጋዜጠኞች «ወኔ» ይሉታል። እኔ ወኔ አልለውም። በመጀመሪያው ጨዋታ የሚታየው ለወራት የውድድር ጨዋታ ያላደረገ ቡድን ነው፤ በሁለተኛው የሚታየው ከሳምንት በፊት አንድ ከባድ ጨዋታ ያደረገ ቡድን ነው። ለጥር 23 የፈረስ ትርዒት ፈረሱን ጥር 22 ማታ ከጋጣ የሚያወጣ ፈረሰኛ እኛ ጋ፣ አዊ ዞን ውስጥ፣ አይገኝም። ብሔራዊ ቡድናችን ግን ይህንኑ ያደርጋል፦ ካምፕ ይገባል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን እውነተኛ ፈተና የሚያገኘው ማለፍና መውደቅ በሚወሰንበት ሜዳ ላይ ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል 2016 ዓ.ምን እንመልከት። በመስከረም ሉሲዎቹ በቡሩንዲ ተሰናክለው ከአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ወጡ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ ገጠሟትና 1 ለ 1 ተለያዩ። ያቺ ናይጄሪያ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በዓለም ዋንጫ እንግሊዝን ያለ ግብ ይዛ እስከ መለያ ምት ያደረሰች ናት፤ እንግሊዝም እስከ ፍጻሜው ሄዳለች። በቡሩንዲ የተሰናከለ ቡድን ናይጄሪያን እንዴት ያቆማል? መልሱ ቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ከናይጄሪያ በፊት በነበሩት ጥቂት ወራት ሉሲዎቹ በኦሊምፒክ ማጣሪያ ቻድን ገጥመዋል፣ ከዚያም ቡሩንዲን በደርሶ መልስ ገጥመዋል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ተደራራቢ የውድድር ጨዋታ ሲያገኙ ቡድኑ ቅርጽ ያዘ። በመልሱ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 መሸነፋቸው እውነት ነው። የናይጄሪያ አቅም፣ ሙቀቱና ሜዳው ተደምረው ያመጡት ነው፤ ከሜዳ ውጭ ያለው ድክመት በጨዋታ ብዛት ብቻ እንደማይድንም ያሳያል። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የታየው 90 ደቂቃ በእነዚህ ዓመታት ካየነው ሁሉ የተሻለው ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ካየነው» ማለቴ ግን እኛን አዊዎችን ሙሉ በሙሉ አይጨምርም። ያን ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ዳንግላና እንጅባራ ያለ ኳስ ወዳድ ውጤቱን የሚሰማው ከሬዲዮ ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ስልክ ነበር። ዲኤስቲቪ ቤቱ ክፍት ቢሆንም የሚያሳየው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ሉሲዎቹ የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ ስለ ውጤት ብቻ ነው፤ ስለ አጨዋወት ለመከራከር ማየት ያስፈልጋል።

ከናይጄሪያው በፊት አንድ ሌላ ምስክር አለ። ነሐሴ 2011 ዓ.ም ላይ ሉሲዎቹ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ካሜሩንን ገጠሙ፤ ካሜሩን በሰኔ ፈረንሳይ ላይ በዓለም ዋንጫው እስከ 16ቱ ደርሳ የተመለሰች ነበረች። በሜዳቸው 1 ለ 1፣ ከሜዳቸው ውጭ ያለ ግብ ተለያዩና ከሜዳ ውጭ በሚቆጠር ግብ ብቻ ወጡ። ከሜዳ ውጭ ያለ ግብ ተለያይቶ መመለስ እንደሚችሉ ያን ጊዜ አሳይተዋል። ስለዚህ «ኢትዮጵያውያን ሴቶች ውጭ ሄደው መከላከል አይችሉም» የሚል ሰው ያን ውጤት መመለስ አለበት።

አሁን ወደ ታንዛኒያ። በ2004 ዓ.ም ሉሲዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉት ታንዛኒያን አሸንፈው ነው። ከዚያ ዋንጫ በኋላ ሉሲዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አልታዩም። ታንዛኒያ ግን በሐምሌ 2017 ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ዋንጫው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጋናና ከማሊ ጋር ተጫወተች። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በሰኔ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ (ሴካፋ) የሴቶች ዋንጫ በዳሬሰላም ተካሂዶ ታንዛኒያ አሸንፋለች። ኢትዮጵያ በዚያ ውድድር ላይ አልነበረችም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ልጻፈው፤ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ዳሰሳ ክብደት እሱ ላይ ነው፦ ከጥቅምቱ ማጣሪያ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ተጋጣሚያችን በምትኖርበት ከተማ፣ ተጋጣሚያችን ባለችበት ውድድር፣ እኛ አልነበርንም።

ከየካቲት እስከ ጥቅምት ሉሲዎቹ አንድም የውድድር ጨዋታ አላደረጉም። ታንዛኒያ በዚህ ጊዜ ሁለት ውድድር ጨርሳለች። ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 መሸነፋቸው ሊያስገርም አይገባም ነበር። የሚያስገርመው በመልሱ የየካቲቱ ነገር ይደገማል ብለን መጠበቃችን ነው። ኡጋንዳ በዚያ ዓመት ከእኛ እምብዛም ያልተሻለ ዝግጅት ላይ ነበረች፤ ታንዛኒያ ግን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነጥብ ተጋርታ የመጣች፣ ውጤት ይዞ መቆየት የተማረች ቡድን ናት። አዲስ አበባ ላይ መሪነቷን ለመጠበቅ አልተንቀጠቀጠችም።

ስለ ተጫዋቾቹ ረጅም አልናገርም። ቡድኑ ለዓመታት በሎዛ አበራ ግብ አስቆጣሪነት ላይ ተደግፎ ኖሯል፤ ከዱራሜ ተነስታ ሃዋሳ ከተማ፣ ደደቢት፣ ስዊድን፣ ማልታ፣ ንግድ ባንክ፣ ቀጥሎም አሜሪካ የደረሰች አጥቂ ናት። እሷን ብቻ መጠበቅ ለሌሎቹም ለእሷም አይበጅም። ሴናፍ ዋቁማን የመሰሉ የንግድ ባንክ ልጆች በ2016 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የቀጣናውን የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ አሸንፈው ሞሮኮ ሄደዋል፤ ከምድባቸው አላለፉም፣ ግን ኤዶ ኩዊንስንና ቲፒ ማዜምቤን ገጥመዋል። ከብሔራዊ ቡድኑ ይልቅ ክለቡ የበለጠ አህጉራዊ ልምድ የሰጣቸው ያን ዓመት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ግማሽ ያህሉን ከአንድ ክለብ ሲወስድ መግባባት ያገኛል፤ የዚያ ክለብ ድካምና ጉዳትም አብሮ ይገባል።

ዱራሜ እንደ ዳንግላ ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ልዩነቱ ለዱራሜ ልጅ ሃዋሳ ላይ ለዓመታት የቆየ የሴቶች ክለብ መኖሩ ነው። ከዳንግላ ባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሰላም ሲሆን የሁለት ሰዓት ጉዞ እንኳ አይሞላም። ባለፉት ዓመታት ግን «ሰላም ሲሆን» የሚለው ቃል ከባድ ሆኖ ቆይቷል። ሴት ልጁን ለልምምድ በዚያ መንገድ የሚልክ አባት ማን ነው? እንጅባራ ላይ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለብ የለም። ለእግር ኳስ የሚመች አየርና ከልጅነት ጀምሮ ገደል የወጡ እግሮች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወስዳቸው ሰው የለም። ይህ የሉሲዎቹ አሰልጣኝ ጥፋት አይደለም፤ ግን አሰልጣኙ ለምርጫ ዓይኑን የሚጥልበት ሜዳ ለምን ጠባብ እንደሆነ ያስረዳል።

የሚቃወመኝ ሰው «ገንዘብ የለም» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን በዚሁ ዘመን የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ዋሊያዎቹ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት ስላላሟሉ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ ለዚያ የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የስታዲየም ኪራይ ተገኝቷል። ሉሲዎቹ ቢያንስ አበበ ቢቂላ ላይ ይጫወታሉ፣ ለፌዴሬሽኑ ርካሽ ናቸው። በርካሽነታቸው ምክንያት ከበጀቱ የሚተርፈው ወደ አቋም መለኪያ ጨዋታ ቢዞር ኖሮ ይህን ዳሰሳ ሌላ ሰው በሌላ ርዕስ ይጽፈው ነበር። በ1997 መስከረም በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጣ ብሔራዊ ቡድን ያላት አገር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሴካፋ ውድድር ለመሳተፍ አቅም አጣሁ ልትል አይገባም።

የተቀረው ነገር ካፍ ያደረገው ነው። ማጣሪያው ካለቀ በኋላ የሞሮኮውን ዋንጫ ተሳታፊዎች ቁጥር ከ12 ወደ 16 ከፍ አደረገ። አዲሶቹን አራት ቦታዎች የያዙት በመጨረሻው ዙር ከወደቁት ቡድኖች መካከል በፊፋ ደረጃ የተሻሉት ናቸው፤ ካሜሩንና አይቮሪኮስት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሉሲዎቹም በመጨረሻው ዙር የወደቁ ቡድን ነበሩ። የፊፋ ደረጃ ደግሞ የሚሠራው በተደረጉ ጨዋታዎች ነው፤ ያልተደረገ ጨዋታ ነጥብ አይሰጥም። ያ የስምንት ወር ዝምታ አንድ ጊዜ ዳሬሰላም ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በፊፋ ሰንጠረዥ ላይ አስከፈለን።